«ምንም አይለውም» ተብላ ልጇ ሌሊቱን ለነደደባት የአዘዞ እናት፦ ክትባቱን ማን ነው የሚፈትሸው?

እህቴ ጥያቄሽን መጀመሪያ እንደገባኝ ላስቀምጠው፣ ሌላውም ሰው እንዲከታተል። ልጅሽ የ10 ሳምንቱን ክትባት ወስዶ ማታውኑ እንደ እሳት ነደደ፣ የግራ ጭኑ አብጦ ጠጠር አለ፣ ሌሊቱን እየተወ እየደገመ ሲያለቅስ አደረ። ከመከተቡ በፊት ነርሷን «ያመዋል እንዴ?» ብለሽ ጠይቀሽ «ምንም አይለውም» ተብለሻል። በዛ ላይ ጎረቤትሽ በክትባት የሞተ ልጅ አውቃለሁ አለችሽ፣ የ14 ሳምንቱ ሲደርስ ፈርተሽ አሳለፍሽው፣ አሁን «ይሄን ነገር ማን ነው ሚመረምረው፣ ነው ወይስ እኛ ላይ ነው ሚሞክሩት?» ነው ያልሽው።

እኔ ፋርማሲስት ነኝ፣ እዚሁ ጎንደር ነው ምሠራው፣ ሥራዬም ከመድኃኒትና ከክትባት ደኅንነት ጋር የተያያዘ ነው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለ፣ መጠየቅሽ ትክክል ነው፣ «ግንዛቤ የላቸውም» ብሎ እንዲህ አይነቱን ጥያቄ ሚያልፍ ባለሙያ ካለ ችግሩ እሱ ጋ ነው።

በመጀመሪያ ስለ ልጁ። ግራ ጭኑ ላይ የተወጋው ፔንታ ሚባለው ነው፣ አምስት በሽታ በአንድ መርፌ፦ ዘጊ አነዳ፣ ትክትክ፣ መንጋጋ ቆልፍ፣ የጉበት ቫይረስ ቢ እና ሂብ ሚባለው ማጅራት ገትርና የሳንባ ምች ሚያመጣው ባክቴሪያ። ትኩሳቱን በዋናነት ሚያመጣው የትክትኩ ክፍል ነው፣ ምክንያቱም እዛ ውስጥ ያለው የተገደለው ጀርም ሙሉው አካሉ ነው፣ ሰውነት ደሞ ሲያየው እንደ እውነተኛ ጠላት ነው ሚነሳበት። ብዙ ጊዜ እዛው ቀን ማታ ይጀምርና በአንድ ወይ በሁለት ቀን ይለቃል፣ እብጠቱም እንደዛው፣ አንዳንዴ ጠጠሯ ትንሽ ቀን ትቆያለች። ጡት ደጋግሞ ማጥባት፣ ልብስ ማቅለል፣ ፓራሲታሞል ደሞ በኪሎው ልክ ባለሙያ በነገረሽ መጠን፣ ሳያተኩሰው በፊት ቀድሞ መስጠት ግን አያስፈልግም። አስፕሪን በጭራሽ። ጭኑ ላይ ቅቤም ሌላ ነገርም አትቀቢበት።

ትኩሳቱ ሁለት ቀን አልፎ ካልለቀቀ፣ ካንቀጠቀጠው፣ ጡት እምቢ ካለ፣ ከላላ ወይ ከተኛበት ካልነቃ፣ ሦስት ሰዓትና ከዛ በላይ ሳያቋርጥ ካለቀሰ፣ መተንፈስ ካቃተው፣ የተወጋበት ቦታ መግል ከያዘ ሌሊትም ቢሆን ጠዋት ይንጋ ሳትዪ መሄድ ነው። በተለይ የመንቀጥቀጥ ነገር ከነበረ ቀጣዩን ከመከተቡ በፊት ለባለሙያው መንገር ግዴታ ነው፣ ቀጣዩ መሰጠት አለመሰጠቱን ሚቀይር ነገር ስለሆነ። አንቺ ከጻፍሽው ግን ይሄ አልነበረም፣ በማግስቱ ማታ ለቆታል ብለሻል።

አሁን «ምንም አይለውም» ወደሚለው ልምጣ፣ እውነት ለመናገር ከጥያቄሽ ሁሉ እኔን ያናደደኝ ይሄ ነው። ነርሷ ልትዋሽሽ ብላ አደለም፣ ልታረጋጋሽ ነው። ግን ማታ ልጁ ሲነድ ሁለት ነገር ነው ምታስቢው፣ ወይ ዋሽታኛለች ወይ ልጄ ላይ የተለየ ነገር ደርሷል፣ ሁለቱም ከክትባት ያሸሻሉ። «ማታ ሊያተኩሰው ይችላል፣ ጭኑም ሊያብጥ ይችላል፣ ሁለት ቀን ካለፈው አምጪው» ብትልሽ ኖሮ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም፣ አንቺም ያንን ሌሊት በሌላ ልብ ነበር ምታሳልፊው። ደሞ ይሄ የኔ ፈጠራ አደለም፣ ክትባት ሰጪ ሲሰለጥን አራት ነገር ሳትነግሪያት እናቲቱን አታሰናብቻት ተብሎ ነው ሚሰለጥነው፦ ምን እንደተከተበና ለምን፣ ምን ሊያመጣ እንደሚችልና ምን እንደሚደረግ፣ ቀጣዩ መቼ እንደሆነ፣ ካርዱን ይዛ እንድትመጣ። ሰልፉ እስከ በሩ ሲደርስና ነርሷ ብቻዋን ስትሆን መጀመሪያ ሚቀረው ሁለተኛው ነው፣ ይገባኛል፣ ግን ከአራቱ መቅረት የሌለበት እሱ ነበር።

«የሀብታም አገር ልጆች ይሄን ይከተባሉ ወይ?» ብላ አንዷ ከሥር የጠየቀችውንም እዚሁ ልመልስ፣ ሰው ሚሸሸው ጥያቄ ስለሆነ። መልሱ፣ ትክትኩን በተመለከተ ብዙዎቹ አይከተቡም። አሜሪካና አውሮፓ አብዛኞቹ የጀርሙን ጥቂት ክፍልፋይ ብቻ ወደያዘው ክትባት ዞረዋል፣ ያኛው ትኩሳቱ ያንሳል፣ ዋጋው ግን ይወደዳል። ታዲያ እኛ ርካሹ ስለሆነ ብቻ ነው? ዋጋው አንዱ ምክንያት ነው፣ አልዋሽሽም። ሌላኛው ግን የኛው ሙሉ ጀርም ያለበት መከላከሉ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል፣ በክፍልፋዩ የተከተቡት ቶሎ ነው ሚለቃቸው። ካሊፎርኒያ በ2010 እ.ኤ.አ. ከ9,000 በላይ ሰው በትክትክ ታሞ 10 ሕፃናት ሞተዋል፣ በሀብታም አገር ማለት ነው። ስለዚ የዓለም ጤና ድርጅት ሙሉውን ሚጠቀሙ አገሮች በዛው ይቀጥሉ ነው ሚለው። እኔም ብጠየቅ አንድ ሌሊት ትኩሳት ይሻለኛል ባይ ነኝ፣ ትክትክ የያዘው የሁለት ወር ሕፃን ትንፋሽ አጥሮት ሲጠቁር ያየ ሰው አይከራከረኝም።

ጎረቤትሽ ያለችውን ነገር አገር ሙሉ ሲያምነው ምን እንደሚሆን ጃፓን አይታዋለች። በ1970ዎቹ አጋማሽ እ.ኤ.አ. ሁለት ሕፃናት የትክትኩን ክትባት በወሰዱ በአንድ ቀን ውስጥ ሞቱ፣ ሰዉ ደነገጠ፣ መንግሥትም ክትባቱን ለጊዜው አቆመው፣ ቆይቶ ሲጀመርም ወላጅ አላመነም። በ1979 ወደ 13,000 ሰው ትክትክ ያዘው፣ 41 ሞቱ። ያ ክፍልፋዩ ክትባት የመጣውም ከዚሁ በኋላ ነው፣ ጃፓኖቹ ናቸው በ1981 መጀመሪያ ሥራ ላይ ያዋሉት። ስለዚ ፍርሃቱን ሰምቶ የተሻለ ነገር መሥራትም ይቻላል፣ ግን በመሀል የሞቱት ልጆች ናቸው።

«እኛ ላይ ነው ሚሞክሩት?» ላልሽው። አንድ ክትባት ከእንስሳ ወጥቶ ሰው ላይ ሲሞከር በሦስት ደረጃ ነው ሚያልፈው፣ መጀመሪያ በአስሮች ሚቆጠሩ ጤነኛ ሰዎች፣ ቀጥሎ መቶዎች፣ ከዛ ሺዎች፣ ግማሾቹ ክትባቱን ግማሾቹ ሌላ ነገር ይወስዱና ማን ምን እንደወሰደ ሐኪሙም ተከታቢውም ሳያውቅ ይነጻጸራል። ግን አሥር ሺ ሰው ላይ ተሞክሮም ከአሥር ሺ አንድ ሰው ላይ ሚደርስ ጉዳት ሊያመልጥ ይችላል። ለዚህ የሮታን ታሪክ ነው ሁሌ ምነግረው። ሮታ ልጅሽ በአፉ የወሰዳት የተቅማጥ መከላከያ ናት። የመጀመሪያው የሮታ ክትባት ሮታሺልድ ይባላል፣ አሜሪካ ውስጥ በ1998 እ.ኤ.አ. ተፈቀደና ለአሜሪካ ልጆች መሰጠት ጀመረ። ዓመት ሳይሞላው በተከተቡ በጥቂት ቀን ውስጥ የአንጀታቸው አንዱ ክፍል ወደ ሌላው ገብቶ ሚቆለፍባቸው ሕፃናት ሪፖርት መምጣት ጀመረ። ሪፖርቱ መጀመሪያ ላይ አሥራ አምስት ብቻ ነበር፣ አሥራ አምስት! ከዛች አሥራ አምስት ተነስተው ክትባቱን በሐምሌ 1999 አስቆሙት፣ በጥቅምት ከገበያ ወጣ። ጉዳቱ ሲሰላ ከ10,000 ልጅ አንድ አካባቢ ሆኖ ተገኘ።

ከዛ በኋላ የመጡት ሁለቱ የሮታ ክትባቶች ያንን ጉዳት ለማየት ተብሎ እያንዳንዳቸው ከ60,000 በላይ ሕፃናት ላይ ነው የተፈተሹት፣ ለምን ያን ያህል ሰው እንዳስፈለገ አሁን ገብቶሻል። እኛ አገር ሮታ የገባው በ2006 ዓ.ም ነው፣ ማለት ያ ሁሉ ካለፈ በኋላ። ይሄ ማለት አፍሪካ ላይ አይሞከርም ማለት አደለም፣ ይሞከራል፣ መሞከርም አለበት። ከሁለቱ የሮታ ክትባቶች አንዱ ደቡብ አፍሪካና ማላዊ ላይ ተሞክሮ ከባዱን የሮታ ተቅማጥ ደቡብ አፍሪካ ላይ 77 ፐርሰንት ሲከላከል ማላዊ ላይ 49 ፐርሰንት ብቻ ነው የተከላከለው። እዚህ አህጉር ላይ ሳይሞከር በአውሮፓ ቁጥር ቢመጣልን ያኔ ነበር መናደድ ያለብን። ወላጅ ሳይነገረውና ሳይፈርም ሲሞከር ነው ወንጀሉ። ጤና ጣቢያ ሚሰጥሽ መደበኛ ክትባት ግን ሙከራ አደለም፣ የዓለም ጤና ድርጅት ፋብሪካውን ሳይቀር መርምሮ ያጸደቀውን ነው ዩኒሴፍ ገዝቶ ሚያስገባው፣ ዩኒሴፍ ደሞ ከዓለም ልጆች ግማሽ ለሚጠጉት ነው ሚያቀርበው፣ አዘዞ የገባችው ብልቃጥ እህቶቿ ስንት አገር ነው ያሉት። ብዙዎቹ ሕንድ ናቸው ሚመረቱት። እያንዳንዱ ዙር ምርት የራሱ ባች ቁጥር አለው፣ ከፋብሪካ ሳይወጣ ይፈተሻል፣ የአምራቹ አገር ተቆጣጣሪም ያረጋግጣል። እዚህ ደሞ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን አለ።

ከዚህ በኋላ ያለው የኛው ሥራ ነው፣ ብዙ ሰው ማያየው ግን ሁሌ ሚያሳስበኝ እሱ ነው። ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቆየት አለበት። ጎንደር ዙሪያ ደሞ መተማ ሙቀቱ ሚታወቅ ነው፣ ደባርቅ ሌሊቱ ይበርዳል፣ መብራቱን አንቺም ታውቂዋለሽ። ሙቀት ሚጎዳቸው አሉ፣ ቅዝቃዜ ደሞ ሚጎዳቸው አሉ፣ ፔንታ ከቀዘቀዘና በረዶ ከሆነ ሞተ ማለት ነው፣ ጉዳት ላያመጣ ይችላል ግን አይከላከልም። ለዛ ነው በቫክሲን ካሪየር (የክትባት መያዣ ቀዝቃዛ ሳጥን) ገጠር ሲወጣ በረዶው ከፍሪዘር እንደወጣ ማይገባው፣ ትንሽ ይቆይና ሲነቀነቅ ውስጡ የውኃ ድምፅ መስማት ሲጀምር ነው ሚከተተው። የጤና ኤክስቴንሽኗ የበረዶ ፓኮውን ጆሮዋ ሥር አድርጋ ስትነቀንቅ ካየሽ እየቀለደች አደለም።

ሙቀቱን ደሞ አንቺ ራስሽ ማየት ትችያለሽ፣ ብዙ ሰው አያውቃትም። ብልቃጡ ላይ አንዲት ትንሽ ክብ ምልክት አለች፣ ክቡ ወይን ጠጅ መሳይ ጥቁር ሲል መሀሉ ላይ ነጣ ያለች አራት ማዕዘን አለች። ሙቀት ባገኛት ቁጥር አራት ማዕዘኗ እየጠቆረች ትሄዳለች፣ ተመልሳ ደሞ አትነጣም፣ ፍሪጅ ብትገባም። አራት ማዕዘኗ ከክቡ ነጣ ካለች ይሠራል፣ ቀለሟ ከክቡ ከተመሳሰለ ወይ ከበለጠ ይጣላል። «ብልቃጡን አሳይኝ» ማለት ነውር አደለም፣ ማታሳይሽ ነርስ አትኖርም፣ እንደውም አንዳንዷ ደስ ይላታል።

አንድ ነገር ጣል ላድርግ። ኩፍኝ ሊያስከትቡ ሄደው «ዛሬ ልጅ አልሞላም ሐሙስ ነይ» ተብለው ሚናደዱ አሉ። ምክንያቱ የክትባቱ ዱቄት በማሟሚያ ውኃው ከተበጠበጠ በኋላ ከ6 ሰዓት በላይ መቆየት ስለማይችል ነው፣ አንዱ ብልቃጥ ደሞ ብዙ ጊዜ ለ10 ልጅ ነው፣ ሦስት ልጅ ተከትቦ የሰባቱ ይደፋል። ከ6 ሰዓት በላይ ከቆየ ጀርም ሊራባበት ስለሚችል መጣሉ ለልጅሽ ነው። በነገራችን ላይ የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ ልጅም ቢሆን ይከፈት ነው ሚለው፣ ከሩቅ በእግሯ የመጣችን እናት መመለስ ልክ አደለም። አበጣበጡ ላይ ሚፈጠር ስህተት ግን ቀልድ አያውቅም። ሳሞአ ሚባል የደሴት አገር በ2018 እ.ኤ.አ. በክትባቱ ውኃ ፈንታ ጡንቻ ሚያፈዝ መድኃኒት ተደባልቆ ሁለት ሕፃናት ሞቱ። ክትባቱ ንጹህ ነበር፣ ስህተቱ የሰው ነው። ሰዉ ግን ከክትባት ሸሸ፣ በዓመቱ ኩፍኝ ገባና 83 ሰው ገደለ፣ አብዛኞቹ ትንንሽ ልጆች።

ጎረቤትሽ ስላወራችው ልጅ። አላውቀውም፣ ስለዚ «ውሸት ነው» አልልም፣ ማንም ሳያጣራ እንደዛ ማለት የለበትም። እንዲህ አይነት ነገር ሲፈጠር ሚጣራው እንዴት እንደሆነ ግን ልንገርሽ። ከክትባት በኋላ የመጣ ሕመም መነሻው ወይ ራሱ ክትባቱ ነው፣ ወይ የምርቱ ጥራት፣ ወይ የሰጪው ስህተት፣ ወይ ፍርሃት (ልጃገረዶች የማህጸን በር ካንሰር ክትባት ሲሰጣቸው አንዷ ስትወድቅ አብረው ሚዝለፈለፉት ነገር) ወይ ደሞ ግጥምጥሞሽ። ግጥምጥሞሽ ሚለው ለሰሚው ማምለጫ ይመስላል፣ አውቃለሁ። ግን በኛ አገር በ2019 እ.ኤ.አ. በተሠራው ጥናት ከ1,000 ሕፃናት ከ40 በላይ ሚሆኑት አንደኛ ዓመታቸውን ሳይደፍኑ ይሞታሉ። እነዚሁ ልጆች በመጀመሪያዎቹ አራት ወራት ብቻ ሦስት አራት ጊዜ ይከተባሉ። አንዳንዱ ሞት የክትባት ማግስት ላይ መውደቁ ማይቀር ነው፣ ክትባት ባይኖርም ያ ልጅ ያን ቀን ይታመም ነበር።

በኛው ኑሮ ብታዪው ወንድ ልጅ ክርስትና ሚነሳው በ40 ቀኑ ነው፣ የመጀመሪያው ፔንታ ደሞ በ6 ሳምንት፣ ማለት በ42 ቀኑ። ልጁ ገና በጠዋቱ ቅዝቃዜ ወጣ፣ ቤት ሲገባ ድግስ ነው፣ ዘመድ አዝማድ እየተቀባበለ ሳመው፣ ከሳሚዎቹ አንዱ ጉንፋን አለበት። በሦስተኛው ቀን ተከተበ፣ በአራተኛው ሳልና ትኩሳት ጀመረው። ሰፈሩ ምን ይላል? «ክትባቱ!» ይላል። ሊሆንም ይችላል፣ የሳመው ሰው ጉንፋንም ሊሆን ይችላል። ሚለየው በግምት አደለም፦ የዛን ቀን ከዛው ብልቃጥ፣ ከዛው ባች የተከተቡት ሌሎቹ ልጆች እንዴት ናቸው፣ የፍሪጁ የሙቀት መዝገብ ምን ይላል፣ ሕመሙ በስንተኛው ሰዓት ጀመረ፣ ቤት ውስጥ ሌላ የታመመ አለ ወይ፣ እንጥል ተቆርጦ ወይ ጥርስ ተነቅሎ ነበር ወይ፣ የአገር መድኃኒት ጠጥቷል ወይ። ይሄኛውን እናቶች ይደብቁናል፣ እንዳንቆጣ ነው፣ እኛም ስለምንቆጣ ነው ሚደብቁት። ከባድ ሲሆን የባለሙያዎች ኮሚቴ ይቀመጥበታል። የኔ ቅሬታ ከዛ በኋላ ነው፣ ውጤቱ ተመልሶ ለቤተሰቡ በደንብ አይነገርም፣ ካልተነገረ ደሞ ባዶውን ሚሞላው የቡና ወሬ ነው። ተጣርቶ ክትባቱ ነው ከተባለም ክትባቱ ነው ተብሎ መነገር አለበት፣ ሰው እውነት ሲነገረው ይችላል።

ይሄ ሁሉ ሚጀምረው ግን ሪፖርት ሲኖር ነው፣ ሮታሺልድን ያስቆሙት አሥራ አምስት ሪፖርቶች እንደነበሩ አትርሺ። ከባድ ወይ ያልተለመደ ነገር ካየሽ ለተከተበበት ጤና ጣቢያ ንገሪ፣ ፎርም አላቸው፣ «ተዪው ያልፋል» ካሉሽ በነፃ መስመር 8482 ብለሽ ለምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ደውይ። ሪፖርት ማድረግ ነርሷን መክሰስ አደለም፣ ይሄን ለነርሶችም ነው ምለው፣ እሷ ላይ ይደርስባታል ብለው ሚደብቁ ስላሉ።

የ14 ሳምንቱ አልፎኛል ብለሽ አትጨነቂ። ከመጀመሪያ አይጀመርም፣ ካቆምሽበት ነው ሚቀጥለው፣ ግን ቶሎ ሂጂ፣ ትክትክ በጣም ሚከፋው በዚህ ዕድሜ ነው። በዚህኛው ዙር ከፔንታው ሌላ የፖሊዮ መርፌም ስለሚጨመር መርፌው በዛ ብለሽ እንዳትደነግጪ። ለነርሷ የ10 ሳምንቱ ጊዜ የሆነውን ሳታስቀሪ ንገሪያት፣ ትኩሳት ብቻ ከሆነ ቀጣዩን አያስከለክልም። ቀለል ያለ ጉንፋንም አያስከለክልም። ማታ እንደገና ሊያተኩሰው ይችላል፣ ላያተኩሰውም ይችላል። የ9 ወሩ ኩፍኝ ደሞ ጠባዩ ሌላ ነው፣ ትኩሳቱ ያኑ ማታ አደለም ሚመጣው፣ ከሳምንት እስከ 12 ቀን ባለው ውስጥ ነው፣ አንዳንዴ ሽፍታም አለው፣ እናት ክትባቱን ረስታ «ምች መታው» ብላ ዳማከሴ ምትጨምቀው ያኔ ነው። 15 ወር ላይ ሁለተኛው ኩፍኝ አለ፣ እሱን ብዙ ሰው ይረሳዋል። የትኛው እንደቀረው ግራ ከገባሽ የካርዱን ፎቶ ስሙን ሸፍነሽ ላኪልኝ፣ አይቼ እነግርሻለሁ።